ደህንነታችንን ቆልፈው ለያዙልን ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ለካርቶን ፋብሪካው የደህንነትና የጥራት መምሪያ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የአሥሩንም ጣቶችዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። አውራ ጣትዎ፣ ሌባ ጣትዎ፣ የመሃል ጣትዎ፣ የቀለበት ጣትዎና ትንሿ ጣትዎ በቀኝም በግራም እንደተፈጠሩ ሆነው፣ ሻይ ሲያማስሉ፣ ሸሚዝዎን ሲቆልፉና ማህተም ሲመቱ አንዳቸውም ሳያጓድሉ እያገለገሉዎት እንደሆነ ተስፋ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። ታናሽ እህቴም ከቀኝ እጇ በቀር ደህና ናት።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝ በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሳላስበው የሰማሁት ንግግርዎ ነው። እርስዎ መስኮቱ ጋ ቆመው ከበላይ ኃላፊ ጋር በስልክ ይነጋገሩ ነበር፤ እኔ ደግሞ የእህቴን ጫማ በላስቲክ ይዤ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር። «ምንም አያሳስብም ጌታዬ፤ የማሽኑ ደህንነት ተቆልፏል፤ ቁልፉም በእጄ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ሰው የተናገረውን እንደተናገረው መቀበል ልማዴ ስለሆነ አመንኩዎት። በኋላም ነገሩን ሳጣራ ከንግግርዎ አንዲት ቃል እንኳ ሐሰት ሆና አላገኘኋትም። ደህንነታችን በእርግጥ ተቆልፏል። ቁልፉም በእርግጥ በእጅዎ ነው። የእኔ ጽሑፍ ዓላማ፣ እህቴ የፊታችን ሰኞ ወደዚያው ማሽን ስለምትመለስና የቀራት አንድ እጅ ስለሆነ፣ ከሰኞ በፊት ይከፍቱልን እንደሆነ በትህትና ለመጠየቅ ብቻ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ሌሎች ሳያነቡ የጻፉትን እያነበብኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። በዚህ ሥራ ብዙ ስለቆየሁ የተጣመመ ነገር ባየሁ ቁጥር ቀይ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሴን የመዳበስ አመል ተጠናውቶኛል፤ ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ላይ አረፍተ ነገሬ ቢጎረብጥዎት፣ የሙያ በሽታ ነው ብለው ይለፉልኝ። ስለ ሞተርና ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ነገር ከራሴ አይደለም፤ ከፊሉን የነገረኝ የእህቴ ባል፣ የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከፊሉን ደግሞ ያገኘሁት እርስዎ ራስዎ በቸርነትዎ ከሰጡኝ መጽሐፍ ነው። ወደ መጽሐፉ እመለስበታለሁ።

ማሽኑን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ የሚከተለውን አንቀጽ የምጽፈው ይህ ደብዳቤ ሲታተም ለሚያነቡት ሌሎች ሰዎች ነው፤ እርስዎ እንደ ልማድዎ ዘለውት ይለፉ። ማሽኑ ወረቀትን በሁለት ከባድ የብረት ሮለሮች መካከል እያሳለፈ፣ በሙጫ እያጣበቀ ካርቶን ያደርገዋል። ሮለሮቹን የሚያሽከረክረውን ሞተር የሚያዘው፣ ግድግዳው ሥር በቆመ የብረት ሳጥን ውስጥ የተገጠመ፣ ቁመቱ ከአንድ የጫማ ካርቶን የማይበልጥ ግራጫ መሣሪያ ነው፤ ሠራተኞቹ ድራይቭ ይሉታል። ድራይቩ ፍጠን ሲለው ሞተሩ ይፈጥናል፣ ቁም ሲለው ይቆማል። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች፣ የሰው ልጅ እጁን የት የት እንደሚያስገባ አስቀድመው ያሰቡበት ይመስለኛል፣ አንድ መልካም ነገር አኑረውበታል፤ የሮለሮቹ ክዳን ሲከፈት ድራይቩ የሞተሩን ጉልበት ይቆርጣል፣ ክዳኑ ተመልሶ እስኪዘጋና አንድ ሰው ቀጥል ብሎ እስኪያዘው ድረስም ሞተሩ በራሱ አይነሳም። ይህን ቅንብር ማንም መንገደኛ እየመጣ እንዳይነካካው ደግሞ የይለፍ ቃል ተበጅቶለታል፤ እህቴና ጓደኞቿ ፓስወርድ ይሉታል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ለሰው ተብሎ የተደረገ ነው። መምሪያዎም በክዳኑ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደላት «ክዳኑ ሲከፈት ማሽኑ ይቆማል» የሚል ጽሑፍ ለጥፏል። ጽሑፉን እንደ አራሚ መረመርኩት፤ አንድም የፊደል ስህተት የለበትም።

ነገሩ የተበላሸው በማሽኑ ምረቃ ዋዜማ ነው። በማግስቱ የሚመጡት ክቡር እንግዳ ክዳኑን በገዛ እጃቸው አንስተው ሮለሮቹ ሲሽከረከሩ እንዲመለከቱ ፕሮግራም ተይዞ ነበር፤ በልምምዱ ላይ የእንግዳውን ቦታ ተክተው ክዳኑን ያነሱት እርስዎ ነበሩ። ማሽኑም፣ ያልሰለጠነ ነገር ነውና፣ ለሰው ማዕረግ ሳያዳላ ቀጥ ብሎ ቆመ። እርስዎ ግን «እንግዳው ፊት እንዲህ ድርቅ ሊልብን ነው? ሊያዋርደን እኮ ነው!» ብለው ማሽኑን ለገጠመው ድርጅት መሐንዲስ አመለከቱ። መሐንዲሱ አውሮፕላን እንዳያመልጠው ሻንጣውን ይዞ የመጣ ሰው ነበር፤ ለነገ ብቻ ብሎ ያንን መልካም ቅንብር አጠፋው። እርስዎ ደግሞ፣ ጠንቃቃ ሰው ስለሆኑ፣ «በል አሁን ማንም እንዳይነካካብኝ ቆልፍልኝ» አሉት። ተቆልፏል አለዎትና ወደ አውሮፕላኑ ሄደ። በማግስቱ ክቡር እንግዳው ክዳኑን አነሱ፣ ሮለሮቹ ተሽከረከሩ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። እንግዳውም ሄዱ፣ ወንበሮቹም ተነሱ፣ ሪባኑም ተጠርጎ ተጣለ። የጠፋው ቅንብር ግን እንደጠፋ ቀረ፤ ተቆልፎበታላ!

ልብ ብለው ይመልከቱልኝ ክቡር ሆይ። ሰው ቤቱን የሚቆልፈው ሌባ እንዳይገባበት ነው። እርስዎ ሌባውን ከልጆቹ ጋር ውስጥ አድርገው ቆለፉበትና፣ ቁልፉን ኪስዎ ከተው፣ በሩ ላይ «ይህ ቤት የተጠበቀ ነው» የሚል ጽሑፍ ለጠፉ።

ቅሬታ የሚለው ቃል ለክብርዎ ስለማይመጥን፣ ያለኝን ሁሉ በምስጋና መልክ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ምስጢር በመጠበቅ ችሎታዎ አመሰግንዎታለሁ። የእህቴ ባል ዝምተኛ ሰው ነው፤ የሰው በር ገፍቶ አያውቅም፣ የራሱን በር እንኳ አንኳኩቶ ነው የሚገባው። ከምረቃው በኋላ ቆቡን በእጁ ይዞ ቢሮዎ እየመጣ፣ «ጌታዬ፣ የክዳኑን ነገር እንመልሰው፤ ወይ ፓስወርዱን ይንገሩኝ፣ ወይ እርስዎ ይምጡና ይምቱልኝ» ሲልዎት፣ መልስዎ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «የደህንነት ቁልፍ ለኤሌክትሪክ ክፍል አይሰጥም፤ ጉዳዩ በእጄ ነው።» በዚህም የተነሳ ድራይቩን መክፈት የሚያውቀው ሰው ፓስወርዱ የለውም፤ ፓስወርዱ ያለው ሰው ደግሞ ድራይቩን ከመብራት ቆጣሪ አይለየውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ተረቱ ስለ መምሪያ ኃላፊዎች ያነሳው ነገር ስለሌለ እኔም ከራሴ አልጨምርበትም። ሳጥኑ ላይ «ተቆልፏል፤ መነካካት ያስቀጣል» የሚል ወረቀት በፊርማዎ አስለጥፈዋል፤ የእህቴ ባልም እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚያከብር ሰው ነው። ስለዚህ የቀረው አማራጭ፣ ጠዋት ጠዋት የፋብሪካው በር ላይ ሲለያዩ «ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ ሳትጫኚ ክዳኑን እንዳትከፍቺ» ማለት ብቻ ነበር። እሷም «አንተ ደግሞ፣ ይቺን ነገር ሰላምታ አደረግካት» ትለው ነበር።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለዚያ ዕለት ነው፤ አሳጥረዋለሁ። ወረቀት የሚያቀብለው የፊተኛው ማሽን ወረቀት ስላለቀበት ሮለሮቹ ቆመው ነበር። እህቴ ሙጫው ላይ የተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት አየች። በቆመ ማሽን ላይ የማቆሚያ ቁልፍ መጫን የተኛን ሰው ተኛ እንደማለት ነው፤ ክዳኑም ላይ የተጻፈውን ማንበብ ትችላለች፣ ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከፈተችና እጇን አስገባች። ቆሟል ማለትና እንደቆመ ይቆያል ማለት ግን ለየቅል ናቸው፤ ድራይቩ የቆመው ወረቀት እስኪመጣለት እንጂ ለእህቴ ብሎ አልነበረም። ወረቀቱ መጣ። ሮለሮቹም ታዛዦች ናቸውና ተነሱ። የፈረቃ አለቃዋ ጩኸቱን ሰምታ ሮጣ ቀዩን ቁልፍ ተጫነች። አራቱ ጣቶች አልተረፉም፤ አውራ ጣቷ ተረፈ። ምስጋናዬ ለምኑ እንደሆነ ይጠፋዎት እንደሆነ፣ ለጽሑፉ ነው፤ ፊደሉ ትልቅ ስለነበር እህቴ ያለ መነጽር ልታነበው ችላለች።

ሦስተኛ፣ ስለ ጉብኝትዎ። ክቡርነትዎ ጊዜዎን ሰውተው፣ ፎቶ አንሺ አስከትለው፣ የፋብሪካው ምልክት ያለበት ሪባን የታሰረበት የብርቱካን ቅርጫት አስይዘው ሆስፒታል መጡ። ብርቱካኖቹ ትልልቅና ልጣጫቸው ወፍራም ነበር፤ በምኗ እንድትልጣቸው እንዳሰቡ ለመጠየቅ ፈልጌ ነበር፤ ግን እርስዎ «ዋናው ሕይወት ነው እኮ፤ ደግሞ ግራው አለ» እያሉ ሲያጽናኗት ማቋረጥ ነውር ሆነብኝ። ከዚያ ፎቶ አንሺዎ፣ እንደ መምሪያዎ ባለ አውራ ጣት ፖስተር መሆኑ ነው፣ «እትዬ፣ እስቲ አውራ ጣት ወደ ላይ!» አላት። እህቴ በፋሻ የተጠቀለለውን እጇን አየችው፤ ከፋሻው የወጣው አውራ ጣት ብቻ ነበር። «እሱማ፣ ሌላ ምን አለኝ» ብላ አነሳችለት። እርስዎም አልጋው ራስጌ ቆመው የእርስዎን አነሱ። ፎቶው በፋብሪካው መጽሔት የፊት ገጽ ላይ «መንፈሷ ያልተሰበረው ሠራተኛችን ለደህንነት መምሪያው ያላትን አድናቆት ስትገልጽ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ወጣ። ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ፣ የት ላይ እንደምጀምር ግን አላወቅኩም፤ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። እርስዎ ከሄዱ በኋላ እህቴ ባሏን ልታስቅ ብላ «አይዞህ፣ ካሁን በኋላ አልጨቀጭቅህም፤ በቀኜ ጥሩ ነው ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልችልም» አለችው። ብርቱካን እየላጠላት ነበር። ቢላውን አስቀምጦ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

አራተኛ፣ ስለ አጣሪ ኮሚቴው። ጉዳዩ የእርስዎን መምሪያ የሚመለከት በመሆኑ፣ ነገሩን ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቀው የለም ተብሎ ኮሚቴውን የመሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ሪፖርቱን አንብቤዋለሁ፤ የሚከተለውን ከእሱ እንዳለ ገልብጫለሁ፤ «የማሽኑ የደህንነት ቅንብር በይለፍ ቃል እንደተቆለፈ ተገኝቷል፤ በመሆኑም ማንም አልነካካውም፤ ማንም ስላልነካካው ማሽኑ ጥፋት የለበትም፤ ማሽኑ ጥፋት ስለሌለበት ጥፋቱ የሠራተኛዋ ቸልተኝነት ነው።» ብዙ የተጣበቀ ነገር አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ ሙጫ ግን አይቼ አላውቅም። አምስት የተከበሩ ሰዎች ማሽኑ ፊት ቆመው፣ ቁልፉ መኖሩን አይተው፣ ቁልፉ ምን እንደቆለፈ ሳያዩ ተመልሰዋል። ለማየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም ነበር ክቡር ሆይ። ማሽኑን አስነስቶ፣ ራቅ ብሎ፣ ክዳኑን ቀና ማድረግ ነበር። አንድ እጅ ይበቃል። ኮሚቴው አሥር ነበረው።

አምስተኛውን እህቴ «ይሄንንስ አታውጣው፣ እኔ አፍራለሁ» ስላለችኝ ዘልዬዋለሁ። ማፈር የነበረበት ሌላ ሰው እንደነበር ነግሬያት ነበር፤ እሷ ግን ሰው ባያፍርላት ራሷ የምታፍር ሴት ናት።

ስድስተኛ። አደጋው ከደረሰ በኋላ መምሪያዎ እጅ ለእጅ ተያይዞ መነሳቱን አደንቃለሁ። በማሽኑ አናት ላይ፣ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን፣ አውራ ጣቱን ያነሳ ትልቅ እጅ ያለበት «ደህንነት ከአንቺ ይጀምራል» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል፣ ጅቡ የትም አልሄደም፤ ከጨርቁ ሥር ሆኖ ወረቀት እየጎረሰ ነው። ሴቶቹ እንደነገሩኝ ጨርቁ የአዳራሹን ዋና መብራት ስለከለለው አሁን ሮለሮቹ አካባቢ ትንሽ ጨለም ይላል።

ሰባተኛውና ዋናው የሰኞው ነገር ነው። ሐኪሙ ቁስሉ ድኗል ብሏል። ፋብሪካው ቀላል ሥራ እንዲሰጣት ሲጠየቅ፣ ቀላል ሥራ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው፣ መጋዘን ደግሞ መጻፍ ይጠይቃል፣ እሷ መጻፍ አትችልም፣ ስለዚህ ልምድ ባላት ቦታ ትቀጥል ተባለ። ልምድ ያላት ሮለሩ ላይ ነው። ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ማሽኑን አውቀዋለሁ፣ ለሚደርሰው ነገር ኃላፊ ነኝ የሚል ወረቀት እንድትፈርምም ተላከላት። በግራዋ እየተለማመደች፣ ምላሷን እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ወደ ጎን አውጥታ፣ ፈረመችው። ወረቀቱ ተመልሶ መጣ፤ «ፊርማሽ በፋይል ካለው ጋር አይመሳሰልም፤ ተስተካክሎ ይቅረብ» ይላል። በፋይል ያለውን ፊርማ የፈረሙት ጣቶች የት እንዳሉ እኛ አናውቅም ክቡር ሆይ። ያን ዕለት ወለሉን ያጠበው ክፍል የእርስዎ ነው።

አትሂጂ አልናት። ባሏም፣ እኔም፣ የፈረቃ አለቃዋም ጭምር። «ቤት ቁጭ ብዬ እጄን ልይ?» አለችን። የልጆቿን ፀጉር በግራዋ ማበጠር ጀምራለች፤ ትንሿ ልጇ «የእማዬ ግራ እጅ ይቆነጥጣል» እያለች ትሸሻለች። ያ የሚቆነጥጥ እጅ ነው እንግዲህ ሰኞ ጠዋት እዚያ ክዳን ሥር የሚገባው፤ ቅንብሩ ዛሬም እንደጠፋ ነው፣ ዛሬም እንደተቆለፈ ነው።

ስለ መጽሐፉ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ነገሩን በሰላም እንጨርሰው ብለው ቢሮዎ በጠሩኝ ጊዜ፣ ከዋንጫዎቹ ጎን መደርደሪያው ላይ የድራይቩ መመሪያ መጽሐፍ ከነላስቲኩ ተቀምጦ አየሁ። ማየቴን አይተው፣ አራሚ መሆኔን ስለነገርኩዎት፣ «ለሚያነብ ሰው ስጦታ ነው፤ ይውሰዱትና ይዩት፣ ማሽናችን የዓለም ደረጃ መሆኑን ይረዳሉ» ብለው ላስቲኩን በገዛ ጣቶችዎ ቀደዱልኝ። ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ መጽሐፍ ከመሃል መጀመርም መዝለልም አይሆንልኝም፤ ከሽፋኑ ጀምሬ አሁን ግማሹ ላይ ደርሻለሁ። ደረቅ ቢሆንም ሐቀኛ መጽሐፍ ነው። ጸሐፊዎቹ አንባቢውን አያውቁትም፣ አገሩንም አያውቁትም፣ ግን በየምዕራፉ እጁ እንዳይቆረጥ ይለምኑታል። የማያውቀውን ሰው እንዲህ የሚለምን መጽሐፍ ሳነብ፣ የሚያውቃትን ሠራተኛ በእንዲህ ያለ ሪፖርት የሚሸኝ መምሪያ ትዝ ይለኛል።

ልመናዬ እንግዲህ አንድ ብቻ ነው። ከሰኞ በፊት ከእህቴ ባል ጋር ሳጥኑ ፊት ይቁሙና ያችን በእጅዎ ያለችውን ፓስወርድ ይምቱለት፤ የቀረውን እሱ ይሠራዋል። ምስጢሩ ይወጣል ብለው አይስጉ። ሲመቱ እሱ ፊቱን ያዞራል። ከፈለጉ ዓይኑን ይጨፍናል፣ የፈረቃ አለቃዋም ትጨፍናለች፣ እኔም መጥቼ እጨፍናለሁ። ዓይን በመጨፈን ሁላችንም በቂ ሥልጠና ወስደናል፤ ለዚህኛው ፊርማችንም ይመሳሰላል።

ቀኝ እጅዎን በቀኝ እጄ ለመጨበጥ ሆዴ እስኪችል ድረስ በሩቁ እጅ የምነሳዎ፣ ላነበቡት ሳይሆን ላላነበቡት ሁሉ የማዝንልዎ፣ ጥፍርዎ እንኳ እንዳይሰበር ዘወትር የምመኝልዎ፣

የአንዲት ግራ እጅ ወንድም፣
አራሚው።

ከስንብቱ በኋላ የተጨመረ፦ ይህ ደብዳቤ ለኅትመት ገጽ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሰጡኝን መጽሐፍ ጨረስኩ። ከመጨረሻዎቹ ገጾች በአንዱ ላይ፣ መሣሪያው ከተሠራበት ፋብሪካ ሲወጣ የይለፍ ቃሉ አራት ዜሮ እንደሆነና፣ ደንበኛው ሥራ ሳይጀምር ቢቀይረው እንደሚመከር በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። የቀየረው እንዳለ ለማየት ለእህቴ ባል ደወልኩለት። ወረቀትዎን ከሳጥኑ ላይ በጥንቃቄ፣ ሳይቀድደው፣ አንስቶ ወደ ጎን አስቀመጠና አራት ዜሮ መታ። በአንዴ ተከፈተ። እርስዎ በእጄ ነው ያሉት ነገር በሁሉም ሰው እጅ ነበር፤ በእሱም፣ ከአደጋው ዕለት አስቀድሞ ጀምሮ። ቅንብሩን መልሶ አበራው፣ ሳጥኑን ዘጋው፣ ወረቀትዎን እንደነበረ ለጠፈው፣ ከዚያም ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ የፈረቃ አለቃዋ ኤሌክትሪክ የያዘው መስሏት ዋናውን ማብሪያ ልታጠፋ ሮጠች። ያለ ፈቃድ ነክቷልና ቅጣቱን እየጠበቀ ነው።

ክዳኑ ሲከፈት ማሽኑ ይቆማል።